ደብረ ብርሃን ለሚኖር የውጭ ሰው ቤት ፈልጉ ስትባሉ፦ ሆቴል፣ ቪላ፣ ኮንዶሚኒየም ወይስ የባለቤት ግቢ?

ሥራው የሚመጣው እንዲህ ነው። አለቃ ቢሮ ይጠራችኋል፤ «ሰኞ አንድ የውጭ ባለሙያ ይገባል። ቤት ፈልግለት። ሰላም ያለበት ቦታ ይሁን» ይላል። አለቀ። «ሰላም ያለበት» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የሚነግራችሁ የለም። እኔ በአስተርጓሚነት ተቀጥሬ ሳላውቀው ጉዳይ አስፈጻሚ፣ ቤት ፈላጊ፣ ሲያማቸው አስታማሚ ሆኜ ቀርቻለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ለህንድም፣ ለቱርክም፣ ለኬንያም፣ ለቻይናም ሰው ቤት ይዣለሁ። ተሳስቼም አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው በሚቀጥለው ሰኞ ተራው ለሚደርሳችሁ ነው፤ ፋብሪካ፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም ፕሮጀክት ላይ ላላችሁ፣ ቤታችሁን ለውጭ ሰው ልታከራዩ ላሰባችሁም ጭምር።

አስቀድሞ አንድ ነገር እንለይ። ሰሜን ሸዋ ስል በአማራ ክልል ያለውን፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነውን ነው እንጂ በኦሮሚያ ያለውን፣ የፍቼውን አይደለም። የውጭ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ኤምባሲው «ሰሜን ሸዋ» ብሎ ማስጠንቀቂያ ሲልክለት የትኛውን እንደሆነ አብራችሁ አንብቡለት። ከዚያ ደግሞ የከተማ ሌብነትና የመንገድ ጸጥታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስረዱት። በክልሉ በ2015 የተነሳው ግጭት፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ከዚያም ወዲህ መንገድ አንድ ሰሞን ሲከፈት ሌላ ሰሞን ሲዘጋ የኖረበት ሁኔታ በቤት ምርጫ የሚፈታ አይደለም። ለእሱ ያለው መልስ አንድ ነው፦ ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ጠዋት መናኸሪያ ደውላችሁ መጠየቅ። ሾፌሮቹ ያውቃሉ። የትናንት ወሬ ለዛሬ መንገድ አይሆንም።

ሌብነቱ ግን በቤት ምርጫ ይፈታል። ቢያንስ አብዛኛው።

አዲስ አበባ አድሮ መመላለስ ወይስ እዚሁ መኖር?

አዲስ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። ርቀቱ 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ካርታ ላይ ሲታይ ቅርብ ይመስላል። «ቦሌ ልኑርና በሳምንት ሦስት ቀን ልምጣ» የሚል ብዙ ነው። አዲስ አበባ ሆስፒታሉ ይበዛል፣ ምግቡ ይመቸዋል፣ የአገሩን ሰው ያገኛል፤ ይህን አልክድም። ከደህንነት አንጻር ግን ሁለቱ ከተሞች የሚሰርቁት በተለያየ መንገድ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሌባው የውጭውን ሰው ፈልጎ ይመጣል። መርካቶና ፒያሳ ሶፍትና ማስቲካ ይዘው ከብበው አንዱ ደረቱ ላይ ሲገፋው ሌላው ኪሱን ያወልቃል። ልብሱ ላይ ምራቅ ወይም ጭቃ ጣል አድርጎ «ይቅርታ፣ ልጥረግልህ» የሚል አለ። «ተማሪ ነኝ፣ እንግሊዝኛ መለማመድ እፈልጋለሁ፣ የባህል ቡና ላሳይህ» ብሎ ወስዶ መጨረሻ ላይ የማይከፈል ሂሳብ የሚያስመጣ አለ። ደብረ ብርሃን እንዲህ ያለ የተደራጀ ነገር ብዙም አይታይም፤ ከተማው ትንሽ ስለሆነ ዛሬ ያታለለው ልጅ ነገ አስፋልት ላይ ይገናኘዋል። እዚህ ያለው ሌብነት ቤት ላይ ያተኮረ ነው፦ ማን መቼ እንደሚወጣ፣ ማን ላፕቶፕ እንዳለው፣ የማን በር በአንድ ቁልፍ እንደሚከፈት ያጠናል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ሰውየውን ስለ መንገድ አስተምሩት፤ ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ቤት።

መመላለሱን በተመለከተ የእኔ ሐሳብ አጭር ነው፦ አይሆንም። በሸኖና በጫጫ በኩል በሳምንት ስድስት ጊዜ የሚመላለስ ሰው ከሌባ ይልቅ የሚያሰጋው ሲኖትራኩ ነው። በዚያ ላይ ጭጋጉ አለ።

አራቱ ቤቶች

*ሆቴል።* ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ከሆቴል የተሻለ የለም። እንግዳ ተቀባይ አለ፣ ጥበቃ አለ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል፣ ሙቅ ውኃ አለ። ሙቅ ውኃው ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በታኅሣሥ ውርጭ እንደ ትርፍ ነገር አይቆጠርም። ሦስት ወር ሲሞላው ግን ነገሩ ይገለበጣል። የክፍሉን ቁጥር ከአስተናጋጅ እስከ መኪና አጣቢ ያውቀዋል፤ ቁልፉ ከእሱ ሌላ ቢያንስ ሁለት ሰው እጅ ይገባል፤ ደመወዝ የሚቀበልበትን ቀን በሚያዘው እራት ይለዩታል። ሆቴሉ ስር መጠጥ ቤት ካለ ደግሞ ሌሊት በሩን የሚያንኳኳ ሰካራም አይጠፋም። ሆቴል ስትይዙ ፎቁ ላይ ያለ፣ መስኮቱ ወደ ኮሪደር የማይከፈት ክፍል ጠይቁ። ፓስፖርቱን እንግዳ መቀበያው ኮፒ አድርጎ ይመልስ፤ ዋናው እዚያ አይደር።

*ለብቻው ግቢ ያለው ቪላ ከነዘበኛው።* ድርጅቶች ይህን ይወዳሉ። አለቃም ይወደዋል፤ አጥሩ ረጅም ነው፣ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሏል፣ በሩ ብረት ነው፣ ፎቶ ተነስቶ ለዋናው መሥሪያ ቤት ሲላክ ያምራል። እኔም አንድ ጊዜ ለአንድ ቱርካዊ መካኒክ በደስታ ይዤ ነበር። በአራተኛው ወር ከሥራ ሲመለስ ላፕቶፑ የለም፣ ሁለት ስልክ የለም፣ ሦስት ጥንድ ጫማ የለም። እስካሁን የሚገርመኝ ጫማው ነው፤ ላፕቶፕ የሚወስድ ሌባ ቸኩሎ ይወጣል፣ ጫማ የሚመርጥ ሌባ ግን ጊዜ ነበረው ማለት ነው። አጥሩን የነካ የለም። ጠርሙሱ እንዳለ ነው። በሩ በቁልፍ ተከፍቶ በቁልፍ ተዘግቷል። ሌባው አልተያዘም፤ ስለዚህ ማንንም አልወቅስም። ግን ቁልፉን ሳስበው፣ ከእሱ በፊት የነበረው ተከራይ፣ ከዚያ በፊት የነበረው፣ ቤቱን ያሳየው ደላላ፣ ሁለት ዘበኞች፣ አንድ የቤት ሠራተኛ፣ ሁሉም በየጊዜው ይዘውት ያውቃሉ። የበሩን ጋን፣ ቁልፉ የሚገባበትን ማለቴ ነው፣ አልቀየርኩም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።

የቪላው ችግር ከውጭ ሲታይ ሀብት ማስመሰሉና ቀን ባዶ መሆኑ ነው። ዘበኛ ይቀጠራል ትላላችሁ። ይቀጠር፤ ግን ዘበኛ ስትቀጥሩ ተያዥ ጠይቁ፤ ተያዡን ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ እዩት። ዘበኛው ሲታመም ወይም ለቅሶ ሲሄድ በእሱ ፈንታ ማን እንደሚቆም ቀድማችሁ ተስማሙ፤ አለዚያ አንድ ማታ የአክስቱ ልጅ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ሌላም ቀላል የሚመስል ነገር አለ፦ ብርድ ልብስ። ይህ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ነው፤ ለዘበኛ ብርድ ልብስና ካፖርት የማይገዛ ቀጣሪ ግን ሞልቷል። ኅዳር ሲገባ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውርጩ ሲወርድ ብርድ ልብስ የሌለው ዘበኛ ጎጆው ውስጥ ተኮራምቶ ይተኛል፤ እኔም ብሆን እተኛ ነበር። ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ካፖርት፣ ትኩስ ሻይ። ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ግዙ።

ቪላ የምመርጠው ለሦስትና ለአራት ሰው በጋራ ሲሆን ብቻ ነው። በፈረቃ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ቀንም ሰው አይታጣበትም።

*ኮንዶሚኒየም።* መካከለኛ ነው። ጥሩ ጎኑ ጎረቤት መኖሩ ነው፤ መጥፎ ጎኑ ደረጃው የሁሉም መሆኑ። ደረጃ ላይ የቆመን የማያውቁትን ሰው «ማንን ፈልገህ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሕንፃና የማይጠይቅ ሕንፃ አለ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ራሳችሁ ሄዳችሁ ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ አሥር ደቂቃ ቁሙ። የሚጠይቃችሁ ካልመጣ ሌላ ሕንፃ ፈልጉ። ምድር ቤት አትያዙ፤ መጨረሻ ፎቅም ውኃ አይወጣም። ከእንጨት በሩ ውጭ የብረት በር የተጨመረበት ይሁን። ከበር ውጭ የሚቀር ጫማና በረንዳ ላይ የሚያድር ልብስ እንደሚሄድ ለሰውየው ንገሩት፤ ባገሩ ጫማ ውጭ ማስቀመጥ ባህል ሊሆን ይችላል።

*የባለቤት ግቢ።* አሁን ወደ ልቤ ደረስን። ባለቤቶቹ ዋናው ቤት የሚኖሩበት፣ የውጭው ሰው ደግሞ በዚያው ግቢ የራሱ በር ያለው ሁለት ክፍል የሚይዝበት ቤት። አለቃ ፎቶውን ሲያይ ፊቱን ያጨማድዳል፤ አጥሩ ቆርቆሮ ነው፣ ግቢው ውስጥ ዶሮ አለ፣ ልብስ ተሰጥቷል። እኔ ግን ለብቻው ለሚኖር ሰው ምርጫ ከተሰጠኝ ሁልጊዜ ይህን ነው የምይዘው።

ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ባየሁት ልንገራችሁ። አንድ ኬንያዊ መምህር ጠባሴ በኩል እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ ይኖር ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አከራይዋ ደወሉልኝ። «አንድ ልጅ መጥቷል፤ የእንግዳውን ኢንተርኔት እንዲሠራ የላክኸው አንተ ነህ?» አሉኝ። አልላክሁም። «እንግዲያው ቡና እያፈላሁለት ነው» አሉና ዘጉት። ስደርስ የተደላደለ በርጩማ ላይ ያስቀመጡት ልጅ የለም። ረከቦቱ ቀርቧል፣ አንድ ሲኒ ተሞልቶ እንደነበረ ቀዝቅዟል። «አረፍ በል ልጄ፣ እሱ እስኪመጣ ቡና ጠጣ አልሁት፤ የማን ልጅ ነህ? ሰፈርህ የት ነው? ስለው ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ወጣ» አሉኝ። አልጮሁም፣ አላባረሩም፣ «ሌባ ነህ» አላሉም። ቡና አፈሉለት። የትኛው ካሜራ ነው «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚጠይቀው?

ይህ ቤት ዋጋ አለው፤ ዋጋው ገንዘብ አይደለም። የግቢው በር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይቆለፋል፤ ዘግይቶ የሚመጣ ደውሎ ማስነሳት አለበት። እንግዳ ሲመጣ «ማን ናት?» ይባላል። በጾም ቀን ሥጋ ሲጠበስ ሽታው ዋናው ቤት ይገባል፤ ማንም ምንም አይልም፣ ግን ይሰማል። ብቻዬን ልሁን ብሎ የመጣ ሰው በዓል በመጣ ቁጥር ጠላና ዳቦ ይዘው በሩን ሲያንኳኩበት ይጨንቀዋል። ይህን ሁሉ ከመግባቱ በፊት ንገሩት፤ የማይስማማው ከሆነ ኮንዶሚኒየም ይሻለዋል። ሴት ከሆነች ግን ሌላውን ሁሉ ትቼ ይህን እመክራለሁ፤ የሚከታተላት ወንድ ካለ አከራይዋ ከእሷ በፊት ያውቃሉ።

ኬንያዊው ከገባ ከስድስት ወር በኋላ ሰፈሩ ውስጥ ለቅሶ ነበር። አከራይዋ «ና እንሂድ» ብለው ወሰዱት። አንድ ቃል አላወራም፤ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ፣ ንፍሮ በላ፣ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ሲመለስ ሱቁ ደጃፍ ላይ የሚቀመጡት ጎረምሶች «ቻይና!» ማለታቸውን ትተው «መምህር፣ እንደምን አመሸህ» ይሉት ጀመር። (አዎ፣ ኬንያዊውንም «ቻይና» ይሉት ነበር፤ እሱን ለማስረዳት የወሰደብኝን ጊዜ አትጠይቁኝ።)

ግቢውን ስትመርጡ ቀን አይታችሁ አትወስኑ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከአስፋልቱ እስከ በሩ በእግራችሁ ሂዱ፤ መብራት አለ ወይ? ውሻው የማን ነው? ከዚያ ቅርብ ያለው ሱቅ ገብታችሁ የማያስፈልጋችሁን ክብሪት ግዙና ስለ ሰፈሩ ጠይቁ። ባለሱቁ ስለ አከራዩ የሚለውን ስሙ፤ የማይለውንም።

ውሉና ደላላው

ፈረንጁን ይዛችሁ ከደላላ ጋር ቤት ለማየት አትሂዱ። ዋጋው ሰውየውን እንዳዩት ይወለዳል። መጀመሪያ ብቻችሁን እዩ፣ ተስማሙ፣ ከዚያ አምጡት። ቤቱን ከማየት በፊት «የማሳያ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠማችሁ ቤቱ የሌላ ሰው ሊሆን ስለሚችል ተለያዩ።

ውል በጽሑፍ ይሁን። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ተደርጎ እንዲመዘገብ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ከተማችን ውስጥ አመዘጋገቡ እንዴት እንደሆነ የቤቶች ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ። አከራዩ ተከራዩን ለቀበሌው እንዲያሳውቅ ራሳችሁ አስታውሱት። በጸጥታ ምክንያት ፍተሻ ሲመጣ በመዝገብ ላይ የሌለ የውጭ ሰው የሚገባበት ጣጣ ከሌባ ይብሳል። ውሉ ላይ አንዲት መስመር ጨምሩ፦ የበሩን ጋን ተከራዩ መቀየር እንደሚችል፣ ሲወጣ ቁልፉን እንደሚያስረክብ። በገቡበት ቀን ቀይሩት። እኔ የከፈልሁት ይበቃል።

በምን ይሂድ?

በከተማ ውስጥ ቀን በእግር መሄድ ጥሩ ነው፤ ሰው ያየዋል፣ እሱም ሰው ያያል። ባጃጅ ከሆነ በሰው የሚሞላውንና ኮንትራቱን እናወዳድር። የሚሞላው ይረክሳል፤ ስልክ የሚነጠቀውም እዚያው ነው፤ ጎኑ ክፍት ነው፣ ሰውየው ስልኩን በመንገዱ በኩል ባለው እጁ ይዞ ካርታ ያያል፣ ባጃጁ መታጠፊያ ላይ ሲቀዘቅዝ እጅ ይገባል። ስልኩ ኪስ ውስጥ ይሁን፤ ከተቻለም መሐል ይቀመጥ። ከመሸ በኋላ ኮንትራት ብቻ፣ እሱም ከሚታወቅ ልጅ ጋር። ሁለት ወይም ሦስት የባጃጅ ልጆችን መርጣችሁ ስልካቸውን ስጡት፤ ለልጆቹም «ይህ የእኔ እንግዳ ነው» በሏቸው። ይቺ ዓረፍተ ነገር ትከብዳለች፤ ልጆቹም ያከብሯታል።

እዚህ ላይ ሰዓት አቆጣጠራችንን አደራ። አንድ የህንድ ኢንጂነር አውሮፕላኑ እንዳያመልጠው ባጃጁን «በአራት ሰዓት» ብሎ ቀጠረው። እሱ የፈለገው ከመንጋቱ በፊት ያለውን አራት ነው፤ የእኛን አሥር ሰዓት ሌሊት። ልጁ ማታ አራት ሰዓት ላይ መጥቶ ሆነ ብሎ ጥሩምባ ነፋ፣ ሄደ። ሌሊት ላይ ኢንጂነሩ ሻንጣውን ይዞ ጨለማ መንገድ ላይ ለብቻው አንድ ሰዓት ቆመ፤ አስፋልቱ ላይ ያገኙት ጅቦች እንጂ ሌቦች አልነበሩም። ሁልጊዜ «ጠዋት»፣ «ማታ»፣ «ሌሊት» የሚለውን ቃል ጨምሮ እንዲጽፍ አስተምሩት፤ ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን ይጻፍ።

ከከተማ ወደ ከተማ ሲሆን ምርጫው ቀን ነው። ወደ አዲስ አበባ አውቶቡሱና ሚኒባሱ ላምበረት ያወርዳሉ። አውቶቡሱ ይዘገያል፤ ሚኒባሱ ይፈጥናል፣ እንዲያውም ከሚገባው በላይ። እኔ አውቶቡሱን እመርጣለሁ፤ የመሥሪያ ቤት መኪና ካለ ደግሞ እሱን። ላምበረት ሲወርድ ሻንጣውን «ልያዝልህ» የሚለው ይበዛል፤ ሻንጣ ከእጁ አይውጣ። ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ከሆነ ጣርማበር ላይ ጭጋግ ሲወርድ ከመኪናው አፍንጫ ፊት ያለው አይታይም፤ ጣሊያን የሠራው ዋሻ ጋ ሲደርስ ፎቶ ላንሳ ብሎ መንገድ ላይ የሚቆም አለ። አይቁም። ኬላ፣ ወታደርና ካምፕም ፎቶ አይነሳም፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ከእጁ አይለይ።

ጥሬ ብር፣ ቴሌብር ወይስ ባንክ?

አጭር ነው፦ ለዕለት የሚበቃ ጥሬ ብር፣ ለሌላው ባንክና ቴሌብር። ቤት ውስጥ ፍራሽ ስር ዶላር የሚያስቀምጥ አትፍቀዱ። «ጥቁር ገበያ ይሻላል» የሚል ጓደኛ ሁሌ አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ የባንኩ ዋጋ ከፍ ብሏል፤ ያልተቀየረው ግን በጥቁር ገበያ የተታለለ ሰው ፖሊስ ጋ ሄዶ መክሰስ አለመቻሉ ነው። ሲቆጥሩለት ያጎድላሉ፣ ሐሰተኛ ኖት ይጨምራሉ፤ ለማን ይናገራል? ባንክ ገብቶ ብር ሲያወጣ መስኮቱ ላይ ቆሞ አይቁጠር፤ ከወጣም በኋላ በቀጥታ ቤት አይሂድ።

በስልክ የሚመጣውም አለ፦ «ከቴሌ ነው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን»። አማርኛ የማይችል ሰው ከዚህ ይተርፋል ብዬ አስብ ነበር። አይተርፍም፤ ስልኩን ለቅርቡ ሰው ይሰጣል፣ ቅርቡ ሰው ይተረጉምለታል።

ከሌባ ይልቅ የሚያስፈራኝ

አለቆች ስለ ሌባ ሲጠይቁኝ እኔ ስለ ከሰል አወራለሁ። የቆላ ሰው፣ የባሕር ዳርቻ ሰው ደብረ ብርሃን ሲመጣ ብርዱ ያሳብደዋል። ማንደጃ ገዝቶ ከሰል አያይዞ መኝታ ቤት ያስገባና በርና መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ እንደተኙ ያስቀራል። እኛ ከልጅነታችን «ከሰል አውጣ» ሲባል ስላደግን ለሌላው ለመንገር አይመጣልንም። በመጀመሪያው ማታ ንገሩት። ኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይግዛ፤ አለዚያ ሁለት ብርድ ልብስና ጋቢ።

ሁለተኛው ውሻ ነው። ሌሊት በእግር የሚሄድ የውጭ ሰው ከቀማኛ ይልቅ ከውሻ ጋር የመገናኘት ዕድሉ ይሰፋል። ከነከሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብና በዚያው ሰዓት ጤና ተቋም ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ካሳየ በኋላ መድኃኒት የለውም። አረቄን በተመለከተ ደግሞ፣ የሰሜን ሸዋን አረቄ በዚህ ከፍታ ላይ በባዶ ሆዱ የሚሞክር እንግዳ ቤቱን ራሱ አያገኘውም፤ ሌባ አያስፈልገውም።

ከተሰረቀ በኋላ፦ ፖሊስ ወይስ ሽማግሌ?

መጀመሪያ አንድ ማስጠንቀቂያ። የውጭ ሰው አማርኛ ሲማር ከመጀመሪያዎቹ አሥር ቃላት አንዱ «ሌባ» ይሆናል፤ ተማሪዎቹ እየሳቁ ያስተምሩታል። አንዲት ጀርመናዊት ገበያ ውስጥ ቦርሳዋን ስትፈትሽ የገንዘብ መያዣዋን አጣችና ጮኸች። ከአጠገቧ የነበረ ሽንኩርት ተሸካሚ ልጅ ላይ ሰው ተረባረበ። ሁለት ጥፊ፣ አንድ ዱላ፣ ሽንኩርቱ መሬት ላይ። ገንዘብ መያዣዋ ሌላኛው የቦርሳዋ ኪስ ውስጥ ነበር። ያን ቀን እያለቀሰች ሽንኩርት ስትለቅም ያየኋት አልጠፋኝም። ለሰዎቻችሁ ንገሯቸው፦ ገበያ መሐል ያ ቃል ሰው ሊያስገድል ይችላል፤ እጅ ከፍንጅ ካልያዙ አይጥሩት።

ወደ ጥያቄው ስንመለስ፣ የተሰረቀው ፓስፖርት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ከሆነ ምርጫ የለም፤ ፖሊስ። ከፖሊስ የሚሰጥ ማስረጃ ሳይዙ ኤምባሲም ኢሚግሬሽንም ነገሩ አይንቀሳቀስም። ማስረጃው ላይ ስሙ እንደ ፓስፖርቱ ፊደል በፊደል መጻፉን እዩ፤ አንድ ፊደል የተሳሳተበት ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ስልክና ላፕቶፕ ከሆነ በሁለቱም ሂዱ። ለፖሊስ አመልክቱ፤ ሰፈሩ ውስጥም ለእድሩ ዳኛ ወይም ለሚከበሩ አንድ አባት ንገሩ። «ዕቃው ይመለስ እንጂ ሌላ ነገር አንፈልግም» ሲባል ዕቃ በሦስተኛው ቀን አጥር ስር ተጥሎ የተገኘበትን ጊዜ አይቻለሁ። የሰው አካል ከተነካ፣ ወይም ሴት ላይ ጥቃት ከደረሰ ግን ሽማግሌ አይገባበትም። ጤና ተቋም፣ ከዚያ ፖሊስ። «እናስታርቃችሁ» የሚል ቢመጣ በር ላይ መልሱት።

አንድ ወረቀት ደግሞ ቁም ሣጥን በር ላይ ከውስጥ በኩል ለጥፉለት። የመጀመሪያው ቁጥር የአከራይዋ፣ ሁለተኛው የእናንተ፣ ሦስተኛው የሰፈሩ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከዚያ 991 ለፖሊስ፣ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ መጨረሻ ላይ የኤምባሲው። የደም ዓይነቱን ጨምሩበት። በእንግሊዝኛ ብቻ አትጻፉት፤ በአማርኛም ይሁን፤ የዚያን ዕለት ወረቀቱን የሚያነበው እሱ ላይሆን ይችላል።